ፍራንሲስ ኤለን ዋትኪንስ ሃርፐር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍራንሲስ ሃርፐር ማን ናት?

ጥቁር አሜሪካዊት ገጣሚ፣ ደራሲ፣ አስተማሪና የመድረክ ተናጋሪ ናት። በ1825 ባልቲሞር ተወለደች፣ በ1911 ፊላዴልፊያ አረፈች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ የባርነት ሥርዓት እንዲወገድ በብዕርም በአንደበትም ከታገሉት ሴቶች መካከል በዘመኗ እንደ እሷ በብዛት የተነበበች ጥቁር ገጣሚ አልነበረችም። ዛሬ ግን ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ከባርነት ያመለጠች ነበረች?

አይደለም። ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ስሕተት ነው። ፍራንሲስ ከነፃ ወላጆች የተወለደች ነፃ ልጅ ነበረች። ሜሪላንድ ግን ባርነት በሕግ የተፈቀደበት ግዛት ነበር። ስለዚህ የጥቁር ሰው ነፃነት እዚያ ሁልጊዜ ወረቀት የሚጠየቅበት፣ ሕግ በወጣ ቁጥር የሚሸረፍ ነገር ነበር።

ሦስት ዓመት ሲሆናት ወላጆቿን አጣች። ያሳደጓት አክስቷና አጎቷ ዊልያም ዋትኪንስ ናቸው። አጎቷ ጫማ ሰፊ፣ ሰባኪና ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ሲሆን፣ ለጥቁር ልጆች የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተምር ነበር። በፀረ ባርነት ጋዜጦች ላይም ይጽፍ ነበር። ፍራንሲስ ድርሰትን፣ መጽሐፍ ቅዱስንና በሰው ፊት ቆሞ መናገርን የተማረችው ከእሱ ነው። በእኔ ግምት የኋላ ሕይወቷ በሙሉ የዚያ ክፍል የቤት ሥራ ነው።

መጻፍ የጀመረችው መቼ ነው?

በ13 ዓመቷ ትምህርት አቁማ በአንድ መጽሐፍ ሻጭ ቤት ተቀጠረች፤ ልጅ ትይዛለች፣ ልብስ ትሰፋለች። ሥራዋን ስትጨርስ ግን የቤቱን መጻሕፍት ማንበብ ተፈቅዶላት ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ አካባቢ «የጫካ ቅጠሎች» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ትንሽ የግጥም መጽሐፍ ባልቲሞር ውስጥ አሳተመች።

የዚህ መጽሐፍ ዕጣ ራሱ ታሪክ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ «ጠፍቷል» ሲባል ኖረ። ምሁራን በየመጽሐፋቸው «አንድም ቅጂ አልተገኘም» እያሉ ጻፉ። በኋላ አንዲት የታሪክ ተመራማሪ ተማሪ እዚያው ባልቲሞር፣ በሜሪላንድ የታሪክ ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘችው። ግኝቱ ለሕዝብ የተገለጸው በ2015 ነው። መጽሐፉ የትም አልሄደም ነበር፤ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ጠያቂ እየጠበቀ ነበር።

ነፃ ከሆነች ለምን ትግሉ ውስጥ ገባች? ቁርጥ ያለ ምክንያት አለ?

አለ፤ የአንድ የማታውቀው ሰው ሞት ነው።

በ1850 ወደ ኦሃዮ ሄዳ ኮሎምበስ አጠገብ ባለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የልብስ ስፌት አስተማረች። ከዚያ ፔንስልቬንያ ውስጥ 53 ሕፃናት የሚንጫጩበት ክፍል ተረከበች፤ ሥራው እንዳስመረራት በደብዳቤዋ አልሸሸገችም። በ1853 አካባቢ ሜሪላንድ አንድ ሕግ አወጣች፦ ከሰሜን ወደ ግዛቲቱ የሚገባ ነፃ ጥቁር ይታሰራል፣ ለባርነትም ይሸጣል። ፍራንሲስ የተወለደችበት አገር በሩን ዘጋባት ማለት ነው። ቤቷ ብትመለስ ትሸጣለች።

አንድ ነፃ ሰው ይህን ሕግ ሳያውቅ ጥሶ ተያዘና ወደ ጆርጂያ ተሸጠ። ወደ ሰሜን በሚጓዝ መርከብ መዘውር ጀርባ ተደብቆ አመለጠ፤ ሳይደርስ ግን ተገኘ። መልሰው ለባርነት ሰጡት፣ ብዙም ሳይቆይ ከደረሰበት ስቃይ የተነሳ እንደሞተ ተነገረ። እሷም ለወዳጇ ስትጽፍ፣ በዚያ መቃብር ላይ ቆሜ ራሴን ለፀረ ባርነት ትግሉ ሰጠሁ አለች። እኛ አገር «በአባቴ መቃብር» ተብሎ ይማላል፤ እሷ የማለችው በባዕድ ሰው መቃብር ነው።

በተግባር ምን ትሠራ ነበር?

መጀመሪያ ፊላዴልፊያ ሄደች። እዚያ ዊልያም ስቲል የሚባል ጥቁር ሰው ከደቡብ ያመለጡ ሰዎችን እየተቀበለ፣ ስማቸውንና ታሪካቸውን እየመዘገበ ወደ ሰሜንና ወደ ካናዳ ያሻግር ነበር። ይህ የስውር መንገድ መረብ «የምድር ውስጥ ባቡር» ይባላል፤ ባቡርም ዋሻም የለውም፤ ሰው ከቤት ወደ ቤት እየተደበቀ የሚሻገርበት ነው። ፍራንሲስ የአምላጮቹን ታሪክ ከራሳቸው አፍ ሰማች።

በነሐሴ 1854 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒው ቤድፎርድ ላይ ስለ ትምህርትና ስለ ጥቁር ሕዝብ መሻሻል የመጀመሪያ ንግግሯን አደረገች። ወዲያው የሜን ግዛት የፀረ ባርነት ማኅበር ተናጋሪ አድርጎ ቀጠራት። ከዚያ በኋላ ሕይወቷ መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ አንዱ ከተማ፣ ነገ ሌላው፣ አንዳንዴ በቀን ሁለት መድረክ። ግጥሞቿን በቃሏ ታነበንባለች፣ መጽሐፏን በአዳራሹ በር ትሸጣለች። በ1854 የወጣው ሁለተኛው የግጥም መጽሐፏ፣ ታዋቂው የፀረ ባርነት ጋዜጠኛ ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን መግቢያ የጻፈለት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10,000 ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ካገኘችው ገንዘብ ለአምላጮቹ ስንቅ እንዲሆን እየቆጠረች ለስቲል ትልክ ነበር። ልብሷን እንኳ የምትገዛው በነፃ ሠራተኛ ከተመረተ ጥጥ ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ጨርቁም ሻካራ ነው። እሷ ግን ድሩና ማጉ የደምና የእንባ ጠብታ የሌለበት ልብስ ለመልበስ ጥቂት ጨምሬ መክፈል በመቻሌ አመሰግናለሁ ብላ ጻፈች።

በ1858 የከተማ ተሽከርካሪ ላይ መቀመጫዋን አልለቅም ብላለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ፊላዴልፊያ ውስጥ ነው የሆነው። ሒሳብ ተቀባዩ እንድትነሳ ጠየቃት፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ስትወርድ ሒሳቡን አልቀበልም አላት። ሳንቲሙን ወለሉ ላይ ጥላለት ወረደች። ሮዛ ፓርክስ የምትባለው ጥቁር ሴት አውቶቡስ ላይ መቀመጫዋን አልለቅም ብላ አላባማ ውስጥ ከተያዘችበት ከ1955 በ97 ዓመት ይቀድማል።

«ኢትዮጵያ» የሚል ግጥም ጽፋለች ይባላል። ስለ እኛ ነው?

ግጥሙ አለ፤ ከመጀመሪያ ዘመን ሥራዎቿ አንዱ ነው። «ስለ እኛ ነው?» ለሚለው መልሱ አዎም አይደለምም ነው።

መነሻው እያንዳንዳችን በቃል የምናውቀው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው፦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች።» የአሜሪካ ጥቁሮች ይህን ጥቅስ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሲያገኙ የራሳቸው ተስፋ አድርገው ያዙት። በእነሱ ስብከትና ግጥም «ኢትዮጵያ» ማለት አፍሪካ በሞላ፣ የጥቁር ሕዝብ በሞላ ነው። ከአድዋ ድል በፊት፣ ከማርከስ ጋርቬይም ከራስ ተፈሪያንም በፊት፣ የአገራችን ስም በአሜሪካ ጥቁር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነፃነት ቃል ነበር።

ግጥሙን ከጥቅሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታነቡት አንድ ቃል ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። መዝሙሩ «እጆችዋን» ይላል፤ ፍራንሲስ ግን «የሚደሙ እጆቿን» አለች። እጆቹ የተዘረጉት ከሰንሰለት ነው። ግጥሙ ሲጀምር የኢትዮጵያ የጭንቅ ጩኸት እስከ እግዚአብሔር ዙፋን ይደርሳል ይላል፤ ሲጨርስ ያው ጩኸት ፍርድ ያገኛል ይላል። ከመድረስ ወደ መሰማት፣ ከመሰማት ወደ ፍትሕ የሚሄድ ጸሎት ነው። እኔ በልጅነቴ ይህን ጥቅስ የማውቀው እንደ ክብር ቃል ነበር፤ እንደ ቁስለኛ ሰው ቃል ሊነበብ እንደሚችል ያየሁት በእሷ ነው።

ይሁንና እውነቱን ሙሉ እናድርገው። ግጥሙ በተጻፈበት ዘመን በእኛም አገር ሰው ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የቀረው በ1942፣ በእኛ 1934 ዓ.ም. ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም በአንዳንድ አፍ ስድብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ግጥሙን ስናነብ ከእጆቹ ባለቤቶች ወገን ብቻ ሆነን መቆም አንችልም።

በጣም የታወቀው ግጥሟ የትኛው ነው?

በ1858 የታተመው፣ በነፃ ምድር ቅበሩኝ የሚለው ነው። መክፈቻውን እንደ አቅሜ እንዲህ መልሼዋለሁ፦

መቃብሬን ማሱት ባሻችሁ ስፍራ፣
በረባዳ ሜዳ፣ በትልቅ ተራራ፤
ከምስኪኖች መሃል ቢሆንም ይሁን፣
ባሪያ ባለበት ምድር ግን አይሁን።

ከዚያ ለምን እንደማታርፍ ትዘረዝራለች፦ የታሰሩ ሰዎች በሰንሰለት ሲነዱ ኮቴያቸውን ብሰማ፣ ልጇን የነጠቋት እናት ስትጮህ ብሰማ፣ ጅራፍ ሲወርድ፣ ውሾች አምላጩን ሲያሳድዱ ብሰማ፣ በመቃብሬ ውስጥ እንዴት እተኛለሁ? ሙታን በሚሰሙበት በዚህ ግጥም የሚወቀሱት ሕያዋኑ ናቸው።

ከጆን ብራውን ጋር ምን አገናኛት?

ጆን ብራውን ነጭ ነው። በ1859 ሃርፐርስ ፌሪ ላይ የነበረውን የመንግሥት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ወርሮ በባርነት የተያዙትን ሊያስታጥቅ ሞከረ፤ ተያዘ፣ ተሰቀለ። ብዙ የትግል ወዳጆች በዚያ ሰሞን ከእሱ ስም ሲርቁ ፍራንሲስ እስር ቤት ላለው ሰው ደብዳቤ ጻፈችለት፣ ቤተሰቡን በገንዘብ ረዳች። የስቅላቱን ቀን ስትጠብቅ ከነበረችው ሚስቱ ጋርም ሁለት ሳምንት ያህል አብራት ተቀመጠች። እንደ እኛ ልቅሶ ቤት አጠገቧ ቁጭ ብላ አጽናናቻት። ሞት ከተፈረደባቸው ተባባሪዎቹ ለአንዱም በነፃ ምድር ቅበሩኝ የሚለውን ግጥም ገልብጣ ላከችለት።

የከተማው ስምና የባሏ ስም መመሳሰል የአጋጣሚ ነው፤ ይህም ይጠየቃል።

ትዳርና ልጆች ነበሯት?

በ1860 ፌንተን ሃርፐር የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው አገባች። በንግግርና በመጽሐፍ ሽያጭ ባጠራቀመችው ገንዘብ ኮሎምበስ አጠገብ የእርሻ ቦታ ተገዛ። ሜሪ የምትባል ልጅ ወለዱ። ታላቋ ተናጋሪ ላም እያለበች፣ ቅቤ እየናጠች ለኮሎምበስ ገበያ ታቀርብ ጀመር።

በ1864 ባሏ በድንገት ሞተ፤ ዕዳ ነበረበት። በጊዜው ሕግ ንብረቱ የባል ነው፤ ቦታው በእሷ ላብ መገዛቱን የሚጠይቅ የለም። ሦስት ወር ሳይሞላ የውርስ አጣሪው መጥቶ የወተት ዕቃዋንና የልብስ ማጠቢያ ገንዳዋን ሳይቀር ጠራርጎ ወሰደ። ይህን በ1866 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የሴቶች መብት ጉባኤ ራሷ ተናገረችው፦ አንድ ነገር ብቻ ትተውልኛል፣ እሱም የፊት መስታወት ነው አለች። ቀጥላም፣ የሞትኩት እኔ ብሆን ኖሮ ባሌ ይሄኔ ሌላ ሚስት አግብቶ ነበር፤ ቤቱን የሚያፈርስ፣ አልጋውን የሚሸጥ አጣሪ ግን አይመጣበትም ነበር አለች። ሰዎች የሚጠቅሱት የዚያን ንግግር ሌላ ክፍል ነው። እኔ ግን መስታወቱን መርሳት አልቻልኩም።

ከነጭ የሴቶች መብት ታጋዮች ጋር ለምን ተለያየች?

በዚያው ንግግር እናንተ ስለ መብት ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ በደል ነው የምናገረው አለቻቸው። ሁላችንም በአንድ የሰው ልጅ ነዶ የታሰርን ነን የሚለው ዝነኛ ቃሏም እዚያው ነው።

መለያየቱ የመጣው በ1869 ነው። የድምፅ መብት ለጥቁር ወንዶች የሚሰጠው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲቀርብ፣ ሱዛን አንተኒና ኤሊዛቤት ስታንተን ሴቶችን ስላላካተተ ተቃወሙ። ፍራንሲስ ግን ከባርነት አምልጦ ታዋቂ ተናጋሪ እንደሆነው እንደ ፍሬድሪክ ዳግላስ ደገፈችው። የሴቶችን የመምረጥ መብት ስለተወች አይደለም፤ ለእሱም ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን ተናግራለታለች። ወገኖቿ በደቡብ በየምሽቱ እየተገደሉ ድምፅ ለማግኘት ሌላ ትውልድ ይጠብቁ ማለት ስላልቻለች ነው።

ባርነት በሕግ ካበቃ በኋላስ?

ብዙዎቹ ተናጋሪዎች «ሥራችን አለቀ» ሲሉ እሷ ወደ ደቡብ ወረደች። ከ1867 እስከ 1871 ድረስ፣ ብቻዋን፣ ከመንደር መንደር። የመስኮት መስታወት በሌለው ትምህርት ቤት ተናገረች፣ መስኮቱ ግድግዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ በሆነበት ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ ደብዳቤ ጻፈች። ለሴቶች ብቻ በምታዘጋጀው ስብሰባ ገንዘብ አትቀበልም ነበር።

አንዳንዱ አድማጭ ዓይኑን ማመን አቃተው። አንዱ «ወንድ ናት» ይላል፤ ሌላው «ጥቁር አይደለችም፣ ቀለም ተቀብታ ነው» ይላል። እሷ ይህን ለስቲል የጻፈችለት እየሳቀች ነው።

በኋላ ፊላዴልፊያ ቤት ገዝታ ተቀመጠች። በፀረ አልኮል የሴቶች ማኅበር ውስጥ የጥቁሮችን ክፍል መራች፤ በ1893 ቺካጎ ላይ በዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ ተናገረች፤ በ1896 ብሔራዊ የጥቁር ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች።

ልቦለድም ጽፋለች?

አዎ። በ1859 የታተመው አጭር ልቦለዷ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ያሳተመችው የመጀመሪያው አጭር ልቦለድ ተብሎ ይጠቀሳል። ረጅሙ ልቦለዷ «አዮላ ሌሮይ» በ1892 ወጣ። «በጥቁር አሜሪካዊት የተጻፈ የመጀመሪያው ልቦለድ» የሚሉት አሉ፤ ስሕተት ነው። ሃሪየት ዊልሰን በ1859 አሳትማለች፤ ፍራንሲስ ራሷም ከ1869 ጀምሮ ሦስት ልቦለዶች በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ በተከታታይ አውጥታ ነበር።

«አዮላ ሌሮይ» ራሷን ነጭ አድርጋ ያደገች፣ አባቷ ሲሞት ግን እናቷ በባርነት የተያዘች እንደነበረች ታውቆ ለባርነት የተሸጠች ልጅ ታሪክ ነው። ለአማርኛ አንባቢ መግቢያው ብቻ ይበቃል። ጊዜው የእርስ በርስ ጦርነቱ ነው። በባርነት ያሉ ሰዎች ገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ስለ ቅቤና እንቁላል ያወራሉ፦ ቅቤው ዛሬ ትኩስ ነው፣ እንቁላሉ አሪፍ ነው። ነጮቹ ሰምተው ያልፋሉ። ወርቁ ግን ሌላ ነው፤ «ቅቤው ትኩስ ነው» ማለት የሰሜኑ ጦር ድል አድርጓል ማለት ነው። ሰምና ወርቅን ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ታዲያ ለምን ተረሳች?

አንዱ ምክንያት ተቺዎቹ ናቸው። ስትሞት ታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ዱ ቦይስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ታላቅ ደራሲ እንዳልነበረች፣ ግን ሊነበብ የሚገባው ብዙ ነገር እንደጻፈች፣ ሕይወቷንም ለጽሑፍ እንደሰጠች ጻፈ። ሁለተኛው ግማሽ ተረሳና የመጀመሪያው ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ግጥሟን ቀላል፣ ስብከት የበዛበት አሉት።

እኔ አልስማማም። እነዚህ ግጥሞች የተጻፉት ብዙው አድማጭ ማንበብ ለማይችልበት አዳራሽ ነው፤ በጆሮ ገብተው በቃል እንዲያዙ። ፉከራና ቀረርቶን በወረቀት ላይ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ምን ይላል?

የሚጎበኝ ቦታ አለ?

ፊላዴልፊያ፣ ቤይንብሪጅ ጎዳና ላይ ያለው ቤቷ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። የተቀበረችው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮሊንግዴል ባለው ኤደን መካነ መቃብር ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ ግን ቅርቡ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ከጣሪያው ውኃ እንደ ዝናብ የሚወርድበት የጥሞና አዳራሽ ግድግዳ ላይ የዚያው የመቃብር ግጥም መጨረሻ ተጽፏል፦ ረጅም ሐውልት አልጠይቅም፣ በባሪያዎች ምድር ብቻ አትቅበሩኝ።

ከየት ማንበብ ልጀምር?

በ1872 ካወጣችው መጽሐፍ፣ እትዬ ክሎዊ ማንበብ ስለመማሯ ከምትናገርበት ግጥም። አጭር ነው፤ እንግሊዝኛውም ቀላል ነው። ልጆቻችሁ ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ። እትዬ ክሎዊ ወደ ስድሳ እየተጠጋች ነው፤ ሰው ሁሉ ጊዜው አልፎብሻል ይላታል፤ እሷ መነጽር ገዝታ መዝሙርና ወንጌል እስክታነብ ድረስ ትቀመጣለች። በዚያው ግጥም ያለውን አጎት ካልድዌልንም አትለፉት። ማንበብ በሚያስቀጣበት ዘመን የመጽሐፉን ገጾች የወጥ ስብ ቀብቶ ባርኔጣው ውስጥ ይይዛቸው ነበር፤ አሳዳሪዎቹ ቢያዩት የቆሸሸ፣ ቅባት የጠጣ ወረቀት ነው።